ጊታሬ እጄን ሳነሳ እምምም ይላል፤ ከየት እንደሚገባ እንዴት ልወቅ? (ሐዋሳ)

የታቦር ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ታቦር አካባቢ ነኝ። ኤሌክትሪክ ጊታር ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ጊታሬ ያገለገለ ነው፤ የስትራቶካስተር ዓይነት፣ ሦስት ነጠላ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ያለው። አምፔ 15 ዋት የልምምድ አምፕ ነው። ሁለት ፔዳል አለኝ፤ ዲስቶርሽን (ድምጹን የሚያሻክረው) እና ዲሌይ (ማሚቶ የሚሰጠው)። ሁለቱም ከአንድ አዳፕተር ነው መብራት የሚያገኙት።

ችግሬ ይሄ ነው። እጄን ከክሩ ሳነሳ እምምም ይላል። ዲስቶርሽኑን ስረግጥማ ቤቱን ይሞላዋል። በጣም የሚከፋኝ ትዝታ ስጫወት ነው። ትዝታ ላይ ድምጹን ለቅቄ ዝም የምልባት ቦታ አለች። ክሩ ቀስ እያለ ሲጠፋ መስማት ለእኔ ግማሹ ዜማ ነው። ያቺን ዝምታ እምምምታው እየበላብኝ ነው። እናቴ ከጓዳ ሆና «ፍሪጁ ነው እንዴ የሚጮኸው?» ትለኛለች።

ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ። ወደ መስኮቱ ዞሬ ስቀመጥ ይቀንሳል። ወደ አምፑ ስዞር ይብሳል። ክሩን ስነካው ምንም አይለወጥም፤ ገመዱ የሚሰካበትን የጃክ ብረት በጣቴ ስነካ ግን ወዲያው ዝቅ ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ፒያሳ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ እንለማመዳለን። እዚያ ከሚክሰሩ ጋር ሲገናኝ ከቤቱም የባሰ ነው።

ፒካፕ ልቀይር? ገመድ ልግዛ? ያለኝ ብር ትንሽ ስለሆነ አንዴ በትክክለኛው ቦታ ላውጣው ብዬ ነው።

ቤዝ ከአዳማ | ማክሰኞ ማታ 3:05

እህቴ ኖይዝ ጌት ግዢና ተገላገይ። እኔ አለኝ። መጫወት ስታቆሚ ድምጹን ይዘጋዋል፣ ጸጥ ነው። አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ካስላክሽ ታገኛለሽ።

የሬዲዮ ጠጋኙ | ማክሰኞ ማታ 4:20

ልጄ፣ ገና ምንም አትግዢ። ሬዲዮና አምፕ ስጠግን ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ሰው መጀመሪያ ዕቃ ይገዛል፣ ኋላ በሽታውን ይፈልጋል። ይሄ ብር ያስጨርሳል። አንቺ ግን ጥሩ አድርገሽ አስተውለሻል፤ ግማሹን ሥራ ሠርተሽልኛል።

መጀመሪያ ጆሮሽን እናሠልጥን። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ከመብራቱ በቀጥታ የሚገባ እምምምታ 50 ሄርዝ ላይ ነው። ክብ ነው፣ ወፍራም ነው። አምፑ ውስጥ ካለው የኃይል ክፍል የሚመጣው ግን 100 ሄርዝ ነው፤ ምክንያቱም ሞገዱ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ) ሲቀየር እጥፍ ይሆናል። ዝዝዝ የሚል፣ የሚቆረቁር፣ ቀጭን ነገር የተቀላቀለበት ከሆነ ከአምፖል፣ ከቻርጀር፣ ከዲመር የሚመጣ ነው። ሽሽሽ የሚለው ደግሞ የማጉላቱ ነው፤ ዲስቶርሽን ሲበዛ እሱም ይበዛል።

ጆሮሽን የምትፈትሺበት ቀላል መንገድ አለ። ጊታሩ በትክክል የተቃኘ ይሁን። ከላይ ያለውን ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያዢው። ያ ድምጽ 98 ሄርዝ ነው። እምምምታው 100 ሄርዝ ከሆነ ሁለቱ አብረው ሲሰሙ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ዋው ዋው ይላሉ። ትንሽ አምፕ 50ውን በደንብ አያወጣውም፤ ስለዚህ የሚሰማሽ አብዛኛው ከ50 በላይ ያለው ድርብርቡ ነው። የአሜሪካኖችን ቪዲዮ ስታዪ 60 ሄርዝ የሚሉት የእነሱ መብራት 60 ስለሆነ ነው፤ ግራ አይግባሽ።

አሁን ወደ ፍለጋው። አንድ በአንድ ነው። በአንዴ ሁለት ነገር አትንኪ።

አምፑን ብቻ አብሪው፤ ምንም ገመድ አይሰካበት። ድምጹን ከፍ አድርጊ። ጸጥ ካለ አምፑ ደህና ነው። ካጉረመረመ ችግሩ እሱ ጋ ነው፤ ግን እንዳትከፍቺው። ቱቦ ያለው አምፕ ከሆነ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ቀጥሎ ጊታሩን ያለ ፔዳል፣ በአንድ ገመድ አገናኚ። የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጊ። እምምምታው ከጠፋ የሚገባው በጊታሩ ነው። ዜሮም ሆኖ ካለ ገመዱን ጠርጥሪ። የገመዱን ጫፍ ፈትተሽ እዪው። ውስጡ አንድ ቀጭን ሽቦ ኖሮ ዙሪያውን የተጠላለፈ የሽቦ መረብ ካልሸፈነው የስፒከር ገመድ ነው የሸጡልሽ ማለት ነው። እሱ ለጊታር አይሆንም፤ አንቴና ነው።

ፔዳሎቹን መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ ጨምሪያቸው።

«ክሩን ስነካ አይለወጥም፣ ጃኩን ስነካ ይቀንሳል» ያልሽው ነገር ትልቅ ነው። እሱን ግን ፈትሸሽ ስትመለሺ እነግርሻለሁ።

የታቦር ልጅ | ረቡዕ ከሰዓት 9:15

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ሞከርኩ።

አምፑ ብቻውን ጸጥ ነው፤ ትንሽ ሽሽሽ ብቻ። ጊታሩ ተሰክቶ ቮልዩሙ ዜሮ ሲሆን ጸጥ። ስከፍተው እምምም። ገመዱን ፈትቼ አየሁት፣ መረቡ አለው።

ፔዳል ላይ ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ዲሌዩን ስጨምር ከእምምምታው ሌላ ሲሲሲ የሚል ቀጭን ድምጽ ይመጣል። የ9 ቮልት ባትሪ ገዝቼ ዲስቶርሽኑን በባትሪ ስሞክረው ያ ቀጭኑ ድምጽ ጠፋ።

የሬዲዮ ጠጋኙ | ረቡዕ ማታ 1:50

ጎበዝ። ሦስት ነገር አለብሽ ማለት ነው፤ ለየብቻ እንያቸው።

አንደኛው ሽቦ ነው። ክሮቹ በብሪጁ (ታች በኩል በሚያርፉበት ብረት) በኩል ከጃኩ ብረት ጋር በአንድ ሽቦ መገናኘት አለባቸው። ሰውነታችን የመብራቱን ሜዳ ይሰበስባል። ክሩን ስንነካ ያ ሁሉ በሽቦው ወደ ግራውንድ (የጋራው መመለሻ መስመር) ይሄዳል፣ ድምጹ ይቀንሳል። ያንቺ ክሩን ሲነኩት አይለወጥም፤ ጃኩን ሲነኩት ይቀንሳል። እንግዲህ ከብሪጁ የሚመጣው ሽቦ ተበጥሷል ወይም ብየዳው ለቋል። በቴስተር ለኪው፤ አንዱን ጫፍ ብሪጁ ላይ፣ ሌላውን ጃኩ ብረት ላይ። ደህና ከሆነ ከ1 ኦም በታች ያሳያል፣ ይጮኻል። እኔ እንደምገምተው አይጮኽም።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። ስትዞሪ የሚለወጠው በማግኔት ሜዳ የሚገባ ነው። አምፑ አጠገብ ምን አለ? ስታቢላይዘር አለሽ?

ሦስተኛው አዳፕተሩ ነው። ዲሌይሽ ዲጂታል ከሆነ ውስጡ እንደ ኮምፒዩተር ነው የሚሠራው። የራሱን ቀጭን ጫጫታ በጋራ ሽቦው በኩል ለዲስቶርሽኑ ያቀብላል፤ ዲስቶርሽኑ ደግሞ የሰማውን ሁሉ ያጎላል። ለጊዜው ዲስቶርሽኑን በባትሪ ተጠቀሚ። ወደፊት ብር ሲኖርሽ መውጫዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ የፔዳል ፓወር ሰፕላይ ግዢ። ተራ ማከፋፈያ ገመድ ይሄን አያድንም።

የታቦር ልጅ | ረቡዕ ማታ 2:10

ስታቢላይዘር አለ! መብራት ስለሚዋዥቅ አባቴ ነው የገዛው። አምፑን እላዩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።

የሬዲዮ ጠጋኙ | ረቡዕ ማታ 2:18

አውርጂው። የክፍሉ ሌላ ጥግ ውሰጂው፤ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። ስታቢላይዘር ውስጥ ትልቅ ትራንስፎርመር አለ። የማግኔት ሜዳው ቅርብ ሲሆን ኃይለኛ ነው፣ ትንሽ ሲርቅ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። አንቺም ከአምፑ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።

ሦስተኛ ክር | ረቡዕ ማታ 2:45

እኔ የማውቀው አንድ መላ አለ። የአምፑን ሶኬት የኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ብረት በፕላስተር ሸፍኚው ወይም ከውስጥ ኧርዙን ቁረጪው። እምምምታው ቀጥ ይላል። እኛ ባንድ ውስጥ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የሬዲዮ ጠጋኙ | ረቡዕ ማታ 3:00

ወንድሜ፣ ይሄን ምክር እባክህ ለማንም አትድገመው። በክፋት እንዳላልከው አውቃለሁ። እምምምታው አንዳንዴ ይጠፋል፤ እውነት ነው። ግን ያ ሽቦ ለድምጽ ተብሎ አልተሠራም። አምፑ ውስጥ ፌዙ ቢለቅና የብረት ሣጥኑን ቢነካ፣ ኧርዝ ካለ ብሬከሩ ይወርዳል። ኧርዝ ከሌለ 220ው በገመዱ በኩል እስከ ክሩ ይመጣል። ክሩን የያዘው እጅ ነው። በሌላው እጁ ወይም በከንፈሩ ማይክ ከነካ መንገዱ በልቡ በኩል ነው።

አሁኑኑ የባንዳችሁን ሶኬቶች መልሱ።

ሚክሰር ጋ ያለሁት | ረቡዕ ማታ 3:35

ጋሼ ያሉትን በራሴ አይቻለሁ። እዚሁ ሐዋሳ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሳውንድ እሠራለሁ። አንድ ቀን ጊታሪስታችን ሊዘምር ወደ ማይኩ ሲጠጋ ከንፈሩን ነዘረው። ወደ ኋላ ነው የተስፈነጠረው። እግዚአብሔር አተረፈው። ኋላ ኤሌክትሪሺያን ሲለካው በጊታሩ ክርና በማይኩ ብረት መካከል 110 ቮልት ገደማ ነበር። የአምፑ ሶኬት ኧርዝ የሚመስል ብረት አለው፤ ከግድግዳው ጀርባ ግን ምንም ሽቦ አልተያያዘም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ማይክ ጋ ከመቆሙ በፊት እኔ ራሴ እለካለሁ።

የታቦር ልጅ፣ የአዳራሹ ነገር የእኔ ክፍል ስለሆነ ልጠይቅሽ። አምፕሽ የሚሰካው የት ነው? ሚክሰሩስ?

የታቦር ልጅ | ሐሙስ ጠዋት 1:30

አምፑ መድረኩ ጎን ካለው ሶኬት። ሚክሰሩ አዳራሹ መጨረሻ ላይ፣ በሩ አጠገብ ነው። ከአምፑ ጀርባ በገመድ ወደ ሚክሰሩ እንልካለን።

ሚክሰር ጋ ያለሁት | ሐሙስ ጠዋት 3:10

በቃ እሱ ነው። ሁለቱም በየሶኬታቸው ኧርዝ አላቸው እንበል። የድምጽ ገመዱም ሽፋኑ ግራውንድ ነው። እንግዲህ ግራውንዱ ሁለት መንገድ አገኘ፤ አንዱ በግድግዳው፣ አንዱ በድምጽ ገመዱ። ቀለበት ሠራ። ያ ቀለበት ውስጥ ትንሽ የ50 ሄርዝ ኩረንት ይዞራል። እኛ እምምም ብለን እንሰማዋለን።

መጀመሪያ የምታደርጊው ነጻ ነው። አምፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ጥሩ ዲቫይደር አብሯቸው። ትንሽ አምፕና ሚክሰር ስለሆኑ አይከብደውም፤ ትልልቅ ፓወር አምፖች፣ ምድጃ ወይም ማሞቂያ ግን አብሮ እንዳይሰካ። የድምጽ ገመዱና የመብራት ገመዱ ተጠምጥመው አብረው አይሂዱ። መገናኘት ካለባቸው መስቀለኛ ይተላለፉ።

እሱ ካልበቃ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (በአምፑና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ሣጥን) ነው መፍትሔው። ግራውንድ ሊፍት የሚል ማብሪያ አለው። እሱ የሚያላቅቀው የድምጽ ገመዱን ግራውንድ ብቻ ነው፤ የመብራቱ ኧርዝ ቦታው ላይ ይቆያል። ሦስተኛ ክር የሚፈልገውን ጸጥታ ማንንም ሳይጎዳ ያገኘዋል።

ከሁሉም በፊት ግን ሶኬቶቹ እውነተኛ ኧርዝ እንዳላቸው ኤሌክትሪሺያን ያረጋግጥላችሁ። ይሄንን እናንተ አትለኩት።

ሦስተኛ ክር | ሐሙስ ከሰዓት 10:00

ጋሼ፣ እህቴ፣ ተቀብያለሁ። ዛሬ ሁለቱን ሶኬት ቀየርኩ። የባንዱን ልጆችም ነግሬአቸዋለሁ።

ቤዝ ከአዳማ | ሐሙስ ማታ 2:25

ጋሼ ያሉትን ቤዝ ላይ ሞከርኩት። ወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት 49 ሄርዝ ነው አይደል? የእኔ አምፕ ትልቅ ስፒከር ስላለው 50ውን ያሰማል። አብሬ ስይዘው በሰከንድ አንዴ ገደማ ዋው ይላል። ለዓመታት ስሰማው የኖርኩትን ነገር ዛሬ ነው ያወቅኩት።

ስለ ኖይዝ ጌቱም ያልኩትን ላስተካክል። እህታችን ስለ ትዝታ የጻፈችውን ደግሜ አነበብኩት። ጌት ሲዘጋ ጫጫታውንም የሚጠፋውን ድምጽም አብሮ ነው የሚቆርጠው። ረጅም ድምጽ ለቅቆ ለሚያዳምጥ ሰው ጅራቱን ይበላበታል። ስትጫወቺ ደግሞ ጌቱ ክፍት ስለሆነ እምምምታው ከሥር አለ። ለፈጣን ዲስቶርሽን ጥሩ ነው። የሚገዛው ካለ ከዲስቶርሽን በኋላ፣ ከዲሌይ በፊት ያድርገው፤ ከዲሌይ በኋላ ካደረገው ማሚቶውንም ይቆርጠዋል።

የታቦር ልጅ | ዓርብ ማታ 1:20

ጊታሩን ከፈትኩት! ጋሼ እንደገመቱት ነው። ቴስተሩ ብሪጁና ጃኩ መካከል አልጮኸም። ጀርባውን በካቻቪቴ ፈትቼ ሳየው፣ ስፕሪንጎቹ የሚያያዙበት ብረት ላይ የነበረው ጥቁር ሽቦ ለቅቆ ተንጠልጥሏል።

ለመበየድ ሞከርኩ፤ አልይዝ አለ። የጎረቤታችን ልጅ መበየጃ 25 ዋት ነው። ሊዱ እንደ ጤዛ ይድቦለቦላል እንጂ አይጣበቅም።

የሬዲዮ ጠጋኙ | ዓርብ ማታ 1:45

ያ ብረት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይጠጣዋል። 40 ወይም 60 ዋት ያስፈልግሻል። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፊው፣ እስኪያብረቀርቅ። ብረቱን አሙቂና ሊዱን ብረቱ ላይ አስነኪ፤ መበየጃው ላይ አታቅልጪው። መናኸሪያ አካባቢ ያሉት ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ጋ ብትወስጂውም ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

ከከፈትሽው ላይቀር ውስጡን ሸፍኚው። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1836 ያሳየው ነገር ነው፤ በብረት የተከበበ ቦታ ውስጥ የውጭው የኤሌክትሪክ ሜዳ አይገባም። የመዳብ ቴፕ ካገኘሽ ጥሩ፣ ሊድ ይይዛል። ካጣሽ የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይልም ይሠራል። ግን ሦስት ነገር ልብ በይ። ፎይል ሊድ አይቀበልም፤ ሽቦውን በትንሽ ቡሎን እሰሪው። ቁርጥራጮቹ ብረት ለብረት ይነካኩ፤ መካከላቸው ሙጫ ከገባ ተቋረጠ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ከግራውንዱ ጋር ካልተገናኘ ፎይሉ ጌጥ ነው።

የታቦር ልጅ | ቅዳሜ ጠዋት 4:05

ሽቦውን መናኸሪያ አካባቢ አስበየድኩት። ፎይሉን ማታ ራሴ ለጠፍኩ። ደስ ብሎኝ ዘግቼ ስሰካው ጊታሩ ጭራሽ ድምጽ የለውም! እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን አበላሸሁ?

የሬዲዮ ጠጋኙ | ቅዳሜ ጠዋት 4:12

አይዞሽ፣ ምንም አልተበላሸም። ጃኩ ላይ ገመዱን ስትሰኪ የሚታጠፈው ምላስ ፎይሉን ነክቶት ነው። እዚያ ቦታ ፎይሉ ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፊበት።

የታቦር ልጅ | ቅዳሜ ጠዋት 4:40

ሠራ! ዝዝዝታው ሙሉ በሙሉ የለም። ክሩን ስይዝ ጸጥ ይላል። ጋሼ ምን ብዬ ላመስግንዎት።

ክቡ እምምም ግን ትንሽ ቀርቷል፤ ስዞር ይለወጣል። ፎይሉ እሱን ለምን አልያዘውም?

የሬዲዮ ጠጋኙ | ቅዳሜ ጠዋት 5:30

ቀጭን ፎይል የኤሌክትሪክ ሜዳን ነው የሚያስቆመው። 50 ሄርዝ የማግኔት ሜዳ ያልፈዋል። ነጠላ ፒካፕ ማለት ማግኔት ላይ የተጠቀለለ በሺህ የሚቆጠር ዙር ሽቦ ነው፤ የክሩን እንቅስቃሴ የሚሰማው በዚያ ነው፣ የትራንስፎርመሩንም የሚሰማው በዚያው ነው። የጊታር ኩባንያው ጊብሰን ቤት ይሠራ የነበረው ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሃምበከር የሚባለውን ፒካፕ ያወጣው ለዚህ ነው። ሁለት ጥቅል፣ ጥቅልሉም ማግኔቱም ተቃራኒ። የክሩ ድምጽ ይደመራል፤ እምምምታው እርስ በርስ ይጠፋፋል።

ፒካፕ ሳትቀይሪ ግን ይሄን ሞክሪ። መቀያየሪያሽ አምስት ቦታ አለው። ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሁለት ፒካፕ አብረው ይሠራሉ። መካከለኛው ፒካፕ በተቃራኒ የተጠቀለለ ከሆነ እዚያ ላይ እምምምታው ይሞታል። በብዙ ጊታሮች እንዲያ ነው።

ሚክሰር ጋ ያለሁት | ቅዳሜ ከሰዓት 7:00

ሃምበከር ለመቀየር አትቸኩይ የምለው ለዚሁ ነው። ነጠላ ፒካፕ ያለው ጥራት፣ ያ ጫፉ የሚያበራ ድምጽ፣ ለትዝታ ለእኔ ይበልጥብኛል። ክራርን ያስታውሰኛል። ጋሼ እንደማይስማሙ እገምታለሁ።

የሬዲዮ ጠጋኙ | ቅዳሜ ከሰዓት 7:20

እስማማለሁ እንጂ። እኔ ጸጥታ እወዳለሁ፤ ዜማው የእናንተ ነው።

የታቦር ልጅ | እሑድ ማታ 1:10

አራተኛው ቦታ ላይ ጠፋ። ከአንገቱ ፒካፕ ጋር ያለው ማለቴ ነው። ትንሽ ሳሳ ያለ ድምጽ ነው፤ ለትዝታ ግን ተስማማኝ። ቤት ውስጥ ስታቢላይዘሩ በር አጠገብ ሄዷል፣ እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ።

አዳራሹ ውስጥ ትናንት ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ነበር። የመድረኩ ሶኬት ኧርዝ አልነበረውም። ሽቦ እስኪዘረጋ ድረስ ከመድረኩ ሶኬት ምንም እንዳንሰካ ነግሮናል። በሩ አጠገብ ያለው ትክክለኛ ስለሆነ አምፑንም ሚክሰሩንም ከዚያ፣ በአንድ ዲቫይደር አበራን። አምፑ ከመድረኩ ርቋል፤ ግን እምምምታው የለም ማለት ይቻላል። ማይኩን ከመንካታችን በፊትም አስለካነው፤ ምንም የለበትም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ላፕቶፕ ላይ ስቀዳ ቻርጀሩ ከተሰካ ይጮኻል፣ ሲነቀል ጸጥ ይላል።

ሚክሰር ጋ ያለሁት | እሑድ ማታ 1:35

ቻርጀሩ ነው። ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ ጫጫታውን የሚያወርድበት የለውም፤ በጊታርሽ ገመድ በኩል መንገድ ይፈልጋል። የላፕቶፑን ብረት በእጅሽ ስትዳብሺ ንዝር ንዝር የሚልሽም እሱ ነው። ሶኬቱ እስኪስተካከል በባትሪ ቅጂ። ስልክሽንም ከጊታሩ አርቂው፤ ጥሪ ሊገባ ሲል ድት ድት ድት የሚለው ቀረጻ ውስጥ ይገባል።

ቤዝ ከአዳማ | እሑድ ማታ 2:00

የቤዜን ጀርባ ልከፍት ነው። ፎይሉን ስትለጥፊ ሙጫው ምን ነበር? የቮልዩም መዘውሩስ ሥር ይገባል?

የታቦር ልጅ | እሑድ ማታ 2:15

ተራ የእንጨት ሙጫ ነው፤ ጠርዙን ግን ያለ ሙጫ አጥፌ ፎይል ለፎይል አነካካሁት። በመዘውሩ ሥር አሳልፌዋለሁ፤ የመዘውሩ ብረት ራሱ ግራውንድ ስለሆነ ሲጠብቅ ፎይሉን ያገናኘዋል። በቴስተር ከጥግ እስከ ጥግ ለካው፤ ሁሉም ቦታ ይጩህ። ከመዝጋትህ በፊት ጃኩ ጋ ቴፑን አትርሳ።